የተነካ ካርድ እኔ እገዛለሁ

ይድረስ ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ስለ አሮጌ የስብስብ ካርዶች፣ የስፖርት ተጫዋቾች ሥዕል ስለታተመባቸው ትንንሽ ወረቀቶች፣ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ። የጸሐፊያችሁ ፍርድ አጭር ነው። ጠርዙ የተከረከመ፣ ጥጉ የተሞላ፣ ቀለም የተቀባ ካርድ ለሰብሳቢ ነውር ነው፤ በነጻ ቢሰጡት እንኳ አይቀበል ይላሉ። ሲነበብ ደስ ይላል፣ ንጹሕ ነገር ነው። እኔን ግን ትዝ ያለኝ «ያልተነካ ግልግል ያውቃል» የሚለው ተረት ነው። ጸሐፊው ተታልለው አያውቁም፤ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እኔ ተታልያለሁ። ከዚያም በኋላ የተነካ ካርድ እገዛለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ደብዳቤው ቢረዝም እንዳትቆርጡት አደራ፤ በመቁረጥ ጉዳይ ከእናንተ ይልቅ የምሻለው እኔ ነኝ።

ሥራዬ ወረቀት መቁረጥ ነበር። ጡረታ እስክወጣ 31 ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ከጊሎቲን ማሽን ፊት ቆሜያለሁ። የወረቀት ጠርዝ ለእኔ ፊት ማለት ነው። ቢላው በተሳለ ማግስት የተቆረጠ ጠርዝ ያበራል፣ ጣት ሲያልፍበት ይንሸራተታል። ቢላው ሲዶለዱም ወረቀቱን ይጎትተዋል፣ ጠርዙ ላይ ቀጫጭን ጭረት ይተዋል። ከአንድ ቁልል ውስጥ እንኳ የላዩና የታቹ ወረቀት ጠርዝ አንድ አይደለም፤ ቢላው ሲገባ የላዩን ትንሽ ወደ ታች ያጎብጠዋል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የተታለልኩት። ስለዚህ እባካችሁ «ዐዋቂ ሰው አይታለልም» የሚለውን ምክር ለሌላ ጊዜ አቆዩልኝ።

ካርዱ የአሜሪካዊው የቤዝቦል ተጫዋች የክሪስቲ ማቲውሰን ነው፤ ሰብሳቢዎች ቲ206 ከሚሉት ስብስብ። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይህን ስብስብ አሜሪካን ቶባኮ የተባለው ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ባለው ጊዜ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየከተተ ነው ያሰራጨው። ካርዱ ሁለት አገልግሎት ነበረው፤ ፓኮው እንዳይጨማደድ ደግፎ ይይዛል፣ አጫሹ ደግሞ የሚቀጥለውን ተጫዋች ፍለጋ ሌላ ፓኮ እንዲገዛ ያጓጓል። ከ500 በላይ ዓይነት አለው። ወርዱ የክብሪት ሳጥን ያህል ነው፣ ቁመቱ ከሳጥኑ ትንሽ ያልፋል። ፊቱ ላይ በነጭ ክፈፍ ውስጥ ተጫዋቹ፣ ከሥሩ በቡናማ ቀለም ስሙና ቡድኑ አለ፤ ጀርባው የሲጋራ ማስታወቂያ ነው። ማቲውሰን ደግሞ ተራ ተጫዋች አልነበረም። የአሜሪካ የቤዝቦል የዝና አዳራሽ በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ ከመረጣቸው አምስት ሰዎች አንዱ ነው።

ሻጩ ካርዱ «ንጹሕ፣ እጅ ያልገባበት» መሆኑን ጽፎልኛል። በፖስታ መጣልኝ። ስከፍተው ሁለቱ ጥጎቹ እንደ መርፌ ሹል ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ በሰው ኪስና በልጆች እጅ ላለፈ ወረቀት ይህ ጥግ አልበዛም ወይ? በዝቷል። ያን ጊዜ ግን አልበዛብኝም፤ ዕድሌ ነው አልኩ። ለካሁት። ወርዱ 36 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ መሆን ሲገባው የእኔው አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ ነገር ያንሳል። የዚያ ዘመን ፋብሪካዎች አቆራረጥ ወጥ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ንክች ያላለ ቲ206 ራሱ ትንሽ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። ይህ እውነት ነው። እኔ ደግሞ እውነቱን ይዤ ራሴን ዋሸሁበት።

አራት ወር አለፈ። አንድ ማታ ሌላ ቲ206፣ ጥጉ ሁሉ የተላገና ስሙን ማንም የማያነሳው ተጫዋች፣ ከማቲውሰኑ ጎን አስቀምጬ በዐሥር እጥፍ ማጉያ መነጽር ሳይ የግራው ጠርዝ ላይ ቆምኩ። የድሃው ካርድ ጠርዝ እንዳረጀ ብርድ ልብስ ጫፍ ነው፤ የወረቀቱ ቃጫዎች ተጋድመዋል፣ ተድበልብለዋል፣ እድፉ እስከ ውስጥ ዘልቋል። የማቲውሰኑ ሦስት ጠርዞችም እንደዚያው ናቸው። አራተኛው ግን በአንድ ምት የወረደ ነው። ጥርት ያለ፣ ቀጥ ያለ። ላዩ ላይ ደግሞ ቡናማ ነገር ተቀብቶበታል፤ አንዳንዱ ጋ ጠጥቶታል፣ አንዳንዱ ጋ አልያዘለትም። እኔ የማውቀው ዓይነት ቢላ ሥራ ነበር። ማሽን እንኳ አይደለም፤ ምላጭና የብረት ማስመሪያ ይበቃዋል። ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ንዴቱ በሻጩ ላይ አልነበረም፣ በዚያ ሰዓት እንኳ። ጣቴ ያንን ጠርዝ በመጀመሪያው ቀን አልፎበታል። ጣቴ ያውቅ ነበር።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው። ከእኔ በፊት ስንት እጅ እንዲህ እያለ እንዳለፈበት እግዜር ይወቅ። የሁለት ወር ጡረታዬ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ የጸሐፊያችሁ ምክር እዚህ ላይ ምን ይፈይዳል? «የተነካ አትግዙ» ማለት ለገዢው ነው የሚነገረው። የሚሰማው ግን ሻጩ ነው። ሻጩ የሚሰማው ደግሞ እንዲህ ሆኖ ነው፦ ተነክቷል ካልክ ማንም አይገዛህም። ስለዚህ ዝም በል። ካርዱን ነውረኛ ባደረግነው ቁጥር የሚደበቅበት ምክንያት ይጨምራል። የእኔው ማቲውሰን «ግራ ጠርዙ ተከርክሟል» ተብሎ፣ ለተከረከመ ካርድ በሚገባው ዋጋ ቢቀርብልኝ እገዛው ነበር ወይ? እገዛው ነበር። ማቲውሰን ነዋ! በዚያ ዋጋ ደግሞ ሦስት ሳምንት ብቻ ገንዘብ አጠራቅሜ።

ትልቁን ምሳሌ ጸሐፊያችሁ ለምን እንደዘለሉት አላውቅም። ስለ አሮጌ ካርድ የሚያወራ ሰው የቤዝቦል ተጫዋቹን የሆኑስ ዋግነርን ካርድ ሳያነሳ አያልፍም፤ እሱም ቲ206 ነው፣ የቀሩት ጥቂት ደርዘን ናቸው። ከእነሱ መካከል አንዷን ቢል ማስትሮ የሚባል ነጋዴ በ1985 በ25,000 ዶላር ገዛት፤ በ1987 በ110,000 ሸጣት። በ1991 የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትዝኪና የቡድኑ ባለቤት ብሩስ ማክናል በሶዝቢስ ሐራጅ 451,000 ዶላር ከፈሉባት። ካርዶችን እየመረመረ ከአንድ እስከ ዐሥር ደረጃ የሚሰጠው ፒኤስኤ ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ ቁጥር የመዘገበው እሷን ነው፤ ስምንት ሰጣት። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ በ2007 የአሪዞና ዳይመንድባክስ ቡድን ባለቤት ኬን ኬንድሪክ በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ወሰዳት።

ማስትሮ በ2013 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ። ዋናው ክስ ሐራጅ ላይ በሐሰት ዋጋ ማናር ነበር፤ ከእምነት ቃሉ ጋር ግን አንድ ሌላ ነገር ወጣ። ዋግነሯን ጎን ጎኗን ከርክሟት ኖሯል። በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት።

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያወራው የተከረከመ ካርድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማሳየት ነው። እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በ2022 ሁለት ደረጃ ብቻ ያገኘች ዋግነር፣ ጥጓ ያለቀ፣ የተጨማደደች፣ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በዚያው ዓመት ደግሞ ከመካከሏ የተቀደደች ዋግነር፣ ግማሿ ብቻ፣ ከ400,000 ዶላር በላይ አወጣች። ግማሽ ካርድ! ማንም ግማሽ መሆኗን ሊደብቅ ስለማይችል ገበያው አይቶ፣ ለክቶ፣ ዋጋዋን ሰጣት። የማስትሮም ዋግነር ከመጀመሪያው «ተከርክማለች» ተብሎ ቢጻፍባት ባለጠጋ ገዢ አታጣም ነበር። ሰውየው ጠርዙን ባይነካውም ያተርፍ ነበር እኮ፤ ይህ ነው ዛሬም የሚገርመኝ።

አሁን ጸሐፊያችሁ ትክክል የሆኑበትን ልመን፤ አለዚያ ፍርዴ ያጋደለ ይሆናል። ብዙዎች የታደሰ ካርድን ሲከላከሉ ሥዕልን ያመጣሉ። ሳልቫቶር ሙንዲ የተባለው፣ የሊዮናርዶ ነው የተባለለት ሥዕል እጅግ ታድሶ ሳለ በ2017 በ450.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፤ ሥዕል ሲታደስ ማንም ካልጮኸ ለካርድ ምን ያስጮሃል? ይላሉ። እኔ ይህን ክርክር አልቀበለውም። ሥዕሉ አንድ ነው፤ ከታደሰው ሌላ አማራጭ የለም። ካርድ ግን ኅትመት ነው። እኔ በማሽኔ ፊት ያሳለፍኳቸው ወረቀቶች አንዱ ከሌላው አይለዩም ነበር፤ ከማተሚያው ሲወጡ መንትዮች ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ አንዱን በሺህ፣ ሌላውን በሚሊዮን የሚያስገዛው በመካከል የገጠመው ነገር ብቻ ነው። በ1952 ቶፕስ የተባለው የካርድ ኩባንያ ያሳተመው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ ከዐሥር 9.5 ያገኘው በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ያው ሥዕል፣ ያው ቀለም፣ ያው የካርድ ቁጥር 311 ጥጉ ያለቀና መካከሉ የታጠፈ ቢሆን ከዚያ ሽራፊውን ብቻ ነው የሚያወጣው። ልዩነቱ ያሳለፉት ዘመን ነው፤ አንዱን ልጅ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ላይ ቆንጥጦ አስጮኸው፣ ሌላው ሳጥን ውስጥ ተረሳ። ስለዚህ የካርድ ጥግ በወረቀት ዱቄት የሚሞላ ሰው የሚያድሰው ወረቀት አይደለም። ያልኖረውን ዕድሜ ነው የሚጽፍለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልችልም፤ እነዚህ ሰዎች ሲሠሩ ማየት ያስቀናል። አንድ ጊዜ የታደሰ ካርድ ገዝቼ ነበር፣ ሻጩ ሳይደብቅ ነግሮኝ። ከዚያው ዘመን ዋጋ ቢስ ካርድ ላይ የወረቀት ቃጫ ፍቀው፣ ከሙጫ ጋር ለውሰው፣ የተቆረሰውን ጥግ በንብርብር ገንብተውታል። ነጩ ክፈፍ ነጭ አይደለም፤ የዕድሜ ቢጫ አለው፣ ያንን ቢጫ አግኝተውታል። በዓይን አላገኘሁትም። በጥቁሩ መብራት ግን፣ ያ ወይን ጠጅ የሚያወጣው የአልትራቫዮሌት አምፖል ነው፣ ጥጉ ከቀሪው ካርድ ተለይቶ ደመቀ። መብራቱ ሌላም ነገር ያጋልጣል። ወረቀትን ነጭ የሚያስመስለው ኬሚካል በሰፊው የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1910 ታተመ የተባለ ካርድ ከመብራቱ ሥር እንደ ታጠበ ሸሚዝ ካበራ፣ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ወይም የሆነ ነገር ተጨምሮበታል። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሁሉ ከማጉያ መነጽር ቀጥሎ ይህን አምፖል ይግዛ። ርካሽ ነው።

ሌላው የማይረባ ሥራ ነው ባይ ነኝ። የ1971 ቶፕስ ካርዶች ክፈፋቸው ጥቁር ነው፤ ትንሽ ሲነካኩ ጠርዙ ላይ ነጭ ይፈነጥቃል፤ ሰው ደግሞ ማርከር አንስቶ ይቀባዋል። ካርዱን ብርሃን ላይ አጋድማችሁ ስታዩት ኅትመቱ ይደበዝዛል፣ ማርከሩ ያብለጨልጫል። ቀለሙ ከፊቱ አልፎ በወረቀቱ ውፍረት ላይ ወርዶ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ማተሚያ ጠርዝ ላይ አያትምም። እጥፋት በእርጥበትና በክብደት የሚያቃኑም አሉ። ያ ለጊዜው ነው፤ አየሩ ሲለዋወጥ እጥፋቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ገዢው ቤት።

ታዲያ ምን መንካት ይፈቀዳል? ስለ ራሴ ልናገር፣ ምክንያቱም እኔም ነክቻለሁ።

አልበም ገጽ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ቲ206 ነበረኝ። የዚያ ዘመን ልጆች እንዲህ ነበር የሚሰበስቡት፤ ፊቱን እንጂ ጀርባውን ማን ያያል? ጀርባው ግን ለእኛ ግማሽ ታሪኩ ነው፤ የትኛው ሲጋራ ፓኮ ውስጥ እንደወጣ የሚናገረው እሱ ነው። ገጹን በካርዱ ዙሪያ ቆረጥኩና ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዲስቲልድ ውሃ፣ ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን ዓይነት፣ ሞልቼ ካርዱን ከነልጣፊው ለቀቅኩት። ልቤ ይመታ ነበር። ወረቀት ውሃ ውስጥ መክተት ለእኔ ከሙያዬ ጋር የሚጣላ ነገር ነው። ነገር ግን ካርዱ የታተመበት የሊቶግራፍ ቀለም ዘይት አለበት፣ ውሃ አያነሳውም፤ የዚያ ዘመን ሙጫ ደግሞ ውሃ ይፈታዋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ቢጫ ሆነ፣ የአልበሙ ወረቀት በአንድ በኩል እጥፍ አለ፣ ካርዱ ራሱ ተላቆ ተንሳፈፈ። ገለበጥኩት። በቀይ ቀለም «ስዊት ካፖራል»፤ ያ ልጅ ሙጫ ከቀባበት ቀን ጀምሮ ማንም ያላየው ጽሑፍ። በሁለት መጣጭ ወረቀት መካከል አድርጌ፣ ከባድ መጻሕፍት ጭኜበት አራት ቀን አቆየሁት።

ነካሁት ወይስ አልነካሁትም? በዚህ ላይ ሰብሳቢዎች ይጣላሉ፤ ብዙዎቹ ኬሚካል እስካልገባ ድረስ ውሃን ይታገሣሉ። የእኔ ሚዛን ይህ ነው፦ የካርዱ ያልሆነን ነገር ማንሳት ይቻላል። የካርዱ የሆነን መቀነስ አይቻልም፣ ያልነበረውን መጨመርም እንዲሁ። ሙጫው የካርዱ አይደለም። ጠርዙ የካርዱ ነው። ሚዛኑ ሁሉንም ነገር አይፈታም፣ አውቃለሁ። የስም ዝርዝር ካርዶች አሉ፤ ልጁ ያገኘውን ተጫዋች በእርሳስ ምልክት እንዲያደርግበት ትንንሽ ሳጥን የታተመባቸው። ምልክት የሌለበት ይወደዳል፤ ስለዚህ ላጲስ ያነሳሉ። እርሳሱ የካርዱ ነው ወይስ አይደለም? ካርዱ የታተመው እንዲጻፍበት ነበር። እኔ ልጁ የጻፈበትን እመርጣለሁ፤ ያ ግን የግል ሱሴ ነው፣ ሕግ አላደርገውም። በ1970ዎቹ ደግሞ ሆስተስ የተባለው ድርጅት በኬክ ሳጥን ሥር ካርድ ያትም ነበር፤ ልጆች በመቀስ ነው የሚቆርጡት። እዚያ ላይ «ተከርክሟል» ማለት ምን ማለት ነው? በመቀስ ያልተቆረጠ የለም። የጸሐፊያችሁ «ፈጽሞ» የሚለው ቃል እነዚህ ላይ ሲደርስ ይሰበራል።

የዚህ ሁሉ ዋና ነገር ግን መጠየቅ ሳይሆን የተደረገውን መጻፍ ነው። ውሃ ውስጥ ከከተትኩት ካርድ ጋር ትንሽ ወረቀት አስቀምጫለሁ፦ ከአልበም ላይ በውሃ ተላቋል፣ ሌላ ምንም አልተደረገበትም፣ ቀኑ ይኸው። ማቲውሰኑን ደግሞ ደረጃ ወደሚሰጥ ድርጅት ላክሁት፣ ምን እንደሚሉኝ እያወቅኩ። ቁጥር አልሰጡትም። መለያ ወረቀቱ ላይ «እውነተኛ፣ የተለወጠ» የሚል ጽፈው በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው መለሱልኝ። እንዲህ ያለ መለያ መኖሩ ለእኔ ከዐሥር ደረጃ ሁሉ ይበልጣል። የኮሚክ መጽሐፍ ሰብሳቢዎች ይህን ቀደም ብለው አግኝተውታል፤ ሲጂሲ የተባለው መርማሪ ድርጅት ለታደሰ መጽሐፍ ሐምራዊ መለያ ይሰጣል፣ ሰው ከሩቅ አይቶ ያውቀዋል። ገንዘብ ከፍዬ ካርዴን ራሴ አሳጣሁት የሚል ወዳጅ አለኝ። እውነቱን ነው፣ አሳጣሁት። ወረቀቴ ግን ልጆቼ እጅ ሲገባ ሊጠፋ ይችላል፤ ፕላስቲኩ አይጠፋም።

ለሚገዛ ሰው አንድ ምክር ብቻ አለኝ፤ የዋጋ ምክር ነው። የተነካን ካርድ ከሚመስለው ካርድ ጋር አታስተያዩት። የተከረከመ ካርድ ሲያዩት ሰባት ደረጃ ያገኘ ይመስላል፣ ሻጩም «የሰባቱን ግማሽ ስጠኝ» ይላል፣ ገዢው ያተረፈ ይመስለዋል። አላተረፈም። የሚስተያየው ከዝቅተኛው፣ ከተላገው፣ ከታጠፈው፣ ነገር ግን ማንም ካልነካው አንድ ደረጃ ካርድ ጋር ነው፤ ከዚያም ወረድ ብሎ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ካርዱን ሳይሆን መልኩን ነው የሚሸጠው ማለት ነው። አትርፌ እሸጠዋለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይግዛው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊያችሁ ጋር ነኝ። አትራፊ ነገር አይደለም። ማቲውሰንን ግድግዳው ላይ ማየት ለሚፈልግ፣ ጡረታው ለማይፈቅድለት ሰው ነው።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ካርዱን ሊገዛኝ መጣ። ጨዋ ነው፣ ካርድ ያውቃል። ማቲውሰኑን በፕላስቲኩ ውስጥ አገላብጦ አየው፣ መለያውን አነበበ፣ ዋጋ ጠራ። ደህና ዋጋ ነበር፣ ከጠበቅኩት ይበልጣል። እሺ ልል ስል ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፕላስቲኩን ግን ሰብረህ ካርዱን ብቻ ብትሰጠኝ» አለኝ። ለምን? ስለው «ለቦታ ነው፣ አልበሜ ውስጥ አይገባልኝም» አለ። ሌላ አልበም ልሰጠው ብል ደግሞ ሌላ ምክንያት አመጣ። ከዚያ በዋጋው ላይ ጨመረ።

ካርዱ አሁንም እኔ ጋ ነው፣ ከነመለያው። ጸሐፊያችሁ ማየት ከፈለጉ በሬ ክፍት ነው። ማጉያ መነጽሩን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ከግራው ጠርዝ ይጀምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ ወረቀት ቆራጭ፣ አንባቢያችሁ